ስልኩን ማን ያንሳ?



ስለ ትንሿ ሥራችን በዚህ እትም እንድንጽፍ ስንጠየቅ መጀመሪያ ልንዘረዝር ያሰብነው የተሳካልንን ነበር። ተቀምጠን ስንመካከር ግን ካልተሳካልን ሌሊት መጀመር ይሻላል አልን። የተማርነው ከዚያ ነውና።

እኛ አራት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች ነን፤ ሦስት ወንድሞችና አንዲት እህት። ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን እንሠራለን። ሣጥኑን አናጢ ይሠራልናል፤ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ሴንሰሩን፣ ማራገቢያውንና የማገላበጫ ሞተሩን እኛ እንገጥማለን። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። የዶሮ እንቁላል ጫጩት እስኪሆን 21 ቀን ይፈልጋል፤ በእነዚህ ቀናት ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቆየት አለበት። ለአጭር ጊዜ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ፅንሱ ይችለዋል። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ፈጥኖ ይሞታል።

ስንጀምር ትልቁ ኩራታችን የሥራ ሰዓት የሌለን መሆኑ ነበር። አራታችንም በመንግሥት ትምህርት ቤት በደወል ገብተን በደወል ወጥተን ነው ያደግነው። ስለ ስታርታፕ የምንሰማው ደግሞ ሁሉ ስለ ነፃነት ነበር፤ ሰዓት አለመቁጠር፣ ከየትም ቦታ መሥራት፣ አለቃ አለመኖር። ስለዚህ ያሻው ሌሊት ይሠራል፣ ያሻው ከሱብሒ በኋላ። ተራ የለም፤ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ግሩፕ ይነገራል። ለአምስት ወር ያህል አሠራሩ የተዋጣለት መሰለን።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልን። ከማሽኖቻችን አንዱን ገዝተው 176 እንቁላል አስገብተዋል፤ ዕለቱ 14ኛው ቀን ነበር። መጀመሪያ የደወሉለት ወንድም የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ እያጠና ነው። ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለነበር አላነሳም፤ ግሩፑ ላይ ግን "ከሐርቡ እየደወሉ ነው፣ አንድ ሰው ያናግራቸው" ብሎ ጻፈ። መልእክቱን ሁላችንም አየነው። ሁላችንም ሌላው ያናግራቸዋል ብለን ወደ ደብተራችን ተመለስን።

የሆነው እንዲህ ነው። ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ ተጣብቆ ስለቀረ ማሞቂያው መጥፋት አልቻለም። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ እናታችን ተነስተው ቢያዩ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አልፏል። ማሽኑን ስናስረክባቸው "እኛን ሳይጠይቁ ምንም እንዳይነኩ" ብለን አደራ ብለናቸው ነበር። እሳቸውም አደራውን ጠብቀው፣ ሳይነኩ፣ ስድስት ጊዜ ደወሉ። አንዳችን ስልኩን አንስተን "ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉና ክዳኑን ይክፈቱት" ብንል ኖሮ ብዙው ይተርፍ ነበር። የጎደለው ያ አንድ ቃል ነው።

ጠዋት ከሱብሒ በኋላ ሁለታችን ሄድን። እንቁላሎቹን በጨለማ ክፍል አንድ በአንድ በባትሪ መብራት አየናቸው። በ14ኛው ቀን ፅንሱ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይታያል። የሚንቀሳቀስ አላገኘንም። እናታችን አልጮኹብንም። ቡና አፍልተው አቀረቡልን፤ ከዚያ "ተማሪዎች መሆናችሁን አውቃለሁ፣ ልጆቼ። ፈተና ላይ እንደሆናችሁም ነገራችሁኝ። እንቁላሉ ግን ይህን አያውቅም" አሉን።

የእንቁላሎቹን ዋጋ ከኪሳችን አዋጥተን በሦስት ወር ከፍለን ጨረስን። የከበደን ግን ገንዘቡ አልነበረም። ደንበኛ አምኖን ንብረቱን ሲሰጠን አማና ተቀብለናል፤ አማናውን ደግሞ ለአንድ ሰው ሳንሰጥ "የሁላችንም ነው" ብለን ትተነው ነበር። የሁሉም የተባለ ሥራ የማንም ሆኖ እንደሚቀር ያየነው ያኔ ነው።

ከዚያ የወሰድነው የመጀመሪያ እርምጃም ስህተት ነበር። ከድንጋጤ የተነሳ ሁላችንም በየቀኑ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ክፍሉ ውስጥ እንድንገኝ ወሰንን። ሁለት ሳምንት አልቆየም። አንዱ የላብራቶሪ ሪፖርት አለበት፤ እህታችን የሴቶች ማደሪያ በር ከመዘጋቱ በፊት መግባት አለባት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመጣነው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ሰዓቱ እስኪሞላ እንጠብቃለን። ልቅ የነበረውን ግትር አደረግነው እንጂ ችግሩን አልነካነውም። ከ4 ሰዓት በኋላ ቢደወል አሁንም የሚያነሳ አልተመደበም።

መንገዱን ያሳየን ከመካከላችን አንዱ ስለ ልጅነቱ መድረሳ ያነሳው ነገር ነው። ቁርአን ቤት ሁሉም ልጅ አንድ ገጽ ላይ አይደለም። አንዱ አሊፍ ባ ይላል፣ አንዱ ጁዝ ዐማ ላይ ነው፣ አንዱ አል-በቀራን ይዟል። እያንዳንዱ ሉሑን ይዞ፣ በራሱ ጥግ፣ በራሱ ፍጥነት ይቀራል። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ያስቀራሉ። ያን ሁሉ የተለያየ ሥራ ሳይበታተን የሚይዘው ኡስታዙ ተራ በተራ የሚሰማበት ሰዓት ነው። እሱ አይዛነፍም። ፊቱ ስትቀርብ ወይ ይዘሃል ወይ አልያዝክም። ፍጥነቱ የልጁ ነው፤ የመሰሚያው ሰዓት ግን የልጁ አይደለም።

እኛ ከደወሉ ስንሸሽ ይህን የማይዛነፈውንም አብረን ጥለነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄያችን "ምን ያህል ነፃ እንሁን?" መሆኑ ቀርቶ "ሌላው እንዲላላ የትኞቹ ጥቂት ነገሮች ይጥበቁ?" ሆነ። ተማክረን አራት ነገሮችን አጠበቅን።

አንደኛው ተረኛ ነው። አንድ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክና አንድ ሲም ካርድ ገዛን። ለደንበኞቻችን ሁሉ ያንን ቁጥር ብቻ ሰጠን። ስልኩ በየሳምንቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ ድምፁ አይጠፋም። ተረኛው ችግሩን ሁሉ ራሱ መፍታት አይጠበቅበትም፤ ማንሳትና ለሚችለው ሰው ማድረስ ግን ግዴታው ነው። ከሁሉ የጠቀመን የደንቡ ሌላኛው ግማሽ ነው፦ ተረኛ ያልሆነ ሰው ግሩፑን የመከታተል ግዴታ የለበትም። የቀሩት ሦስቱ በሙሉ ልብ ያጠናሉ፣ ይተኛሉ፤ በረመዳንም ተራዊሕ ሲሰግዱ ሐሳባቸው ስልክ ላይ አይሆንም። ተራ መቀያየር ይቻላል፤ ተቀባዩ "ተቀብያለሁ" ብሎ ካልጻፈ ግን አልተቀየረም።

ሁለተኛው የማይዛነፍ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከዐስር ሰላት በኋላ ለ40 ደቂቃ እንሰበሰባለን። እያንዳንዳችን በሳምንቱ የጨረስነውን እናሳያለን፤ የያዘን ነገር ካለ እንናገራለን። ከዚያ ውጭ ማን መቼና የት ሆኖ እንደሠራ አንጠይቅም። እህታችን የመቆጣጠሪያውን ፕሮግራም የምትጽፈው ማደሪያዋ ሆና ነው። ድሮ "እሷ ክፍሉ ውስጥ ብዙም አትታይም" እንል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራውን ማየት ስንጀምር ከሁላችንም ብዙ የምትሠራው እሷ መሆኗ ታወቀ። ይቅርታ ጠይቀናታል።

ሦስተኛው ሰሌዳ ነው። ግድግዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርን፦ የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። የጃፓኑ ቶዮታ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ካንባን በተባለው የካርድ አሠራር ይታወቃል፤ መነሻ ሐሳቡን ያገኘው የአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች የጎደለውን ብቻ መደርደሪያ ላይ ከሚተኩበት መንገድ ነው። የቀጣዩ ሠራተኛ ካርድ ካልመጣ የፊተኛው አዲስ አያመርትም። እኛም መካከለኛው ዓምድ ላይ ለአንድ ሰው ከአንድ ወረቀት በላይ ከለከልን። ቀድሞ ክፍላችን ውስጥ በግማሽ የቀሩ ሰባት ማሽኖች ነበሩ። ያለቀ አንድ ማሽን ይሸጣል፤ በግማሽ የቀሩት ሰባቱ ግን የታሰረ ገንዘብ ናቸው።

አራተኛው ቁጥራችንን አለማብዛት ነው። ትእዛዝ ሲበዛ አራት ጓደኞቻችንን ለመጨመር አስበን ነበር። የአይቢኤምን ትልቅ የሶፍትዌር ፕሮጀክት የመራው ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል። ሒሳቡን ብትሠሩት ምክንያቱ ይገባችኋል። አራት ሰዎች መካከል ያለው የመነጋገሪያ መስመር 6 ነው፤ ስምንት ስትሆኑ 28 ይሆናል። እኛ 6ቱን እንኳ መያዝ አቅቶን ነው 176 እንቁላል የጠፋው። ሰው በመጨመር ፈንታ ሥራውን ቀነስን፦ ሦስት ዓይነት ማሽን መሥራት ትተን አንዱን ብቻ ያዝን። ዕቃው አንድ ዓይነት ስለሆነ የአንዱን ጅምር ሌላው ሳይጠይቅ መጨረስ ይችላል።

ማሽኑንም በዚሁ ሐሳብ አስተካከልነው። ሪሌው ቢጣበቅ እንኳ ሙቀቱ ሲያልፍ መስመሩን ለብቻው የሚቆርጥ ሁለተኛ ቴርሞስታት ጨመርን። ክዳኑ ላይም "ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ገመዱን ይንቀሉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ከዚያ ይደውሉ" የሚል በትልልቅ ፊደል ለጠፍን። "ምንም አይንኩ" የሚለው ቃላችን ደንበኛውን እኛን ጠባቂ አድርጎት ነበር።

ሁለታችን ለኢንተርንሺፕ ወደ ሌላ ከተማ የምንሄድበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የገንዘቡ ጉዳይ መጣ። የቀሩት ሁለቱ "ሥራው በእኛ ላይ ወደቀ" አሉ፤ የሚሄዱት "ገንዘባችን አለበት" አሉ። ወዳጅነታችን ሊበላሽ የቀረበው ከጠፉት እንቁላሎች ይልቅ በዚህ ነበር። በሹራ ተቀምጠን፣ ሽርካ የሚያውቁ አንድ ኡስታዝ ጠይቀን፣ ጻፍነው፦ ኪሳራ ቢመጣ እያንዳንዱ ባዋጣው ገንዘብ ልክ ይሸከማል፤ ትርፉ ደግሞ አስቀድመን በተስማማንበት ድርሻ ይከፈላል፤ በቦታው ሆነው የሚሠሩት ድርሻ ከፍ ይላል። ስለ ብድር መጻፍ የሚያዘውን፣ ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙን፣ ልጆች ሆነን ስንሐፍዝ ርዝመቱ ያስጨንቀን ነበር። አሁን ሁለት ገጽ ስምምነት ይዘን ስንፈራረም መጻፍ ለምን እንደታዘዘ ገባን።

አሁንም ትንሽ ነን፤ አሁንም የክፍሉ ኪራይ ያሳስበናል። ግን አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱ ርቀው ሳለ ሥራው አልቆመም። ከእናንተም መካከል ማደሪያ ውስጥ ሒጃብ የምትሰፉ፣ ዲዛይን የምትሠሩ፣ ኮምፒውተር የምትጠግኑ፣ የምታስጠኑ አላችሁ። ቅዳሜ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ተጠያየቁ፦ ዛሬ ሌሊት ቢደወል የሚያነሳው ማን ነው? የማይዛነፈው ሰዓታችን የቱ ነው? ስምምነታችን የተጻፈው የት ነው? ሦስቱን ከመለሳችሁ ሌላውን እንደ አቅማችሁና እንደ ፈተናችሁ አላሉት።

እናታችን ሁለተኛው ቴርሞስታት ከተገጠመላቸው በኋላ ለሙከራ ብለው 60 እንቁላል አስገቡ። በ21ኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ የተረኛው ስልክ ጮኸ። ወንድማችን ልቡ እየመታ አንስቶ "ገመዱን ይንቀሉ!" ሊል ሲል እሳቸው ቀድመው "ዝም ብለህ ስማ" አሉትና ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። ጫጩቶቹ ይንጫጩ ነበር።