አደራ ጠባቂዋ

በ2001 ዓ.ም. መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ ብርድ ልብስ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በራችን ላይ ሸክም ከሚጠብቁት አንዱ የአምባሰል ሰው ነው። ሚስቱ ጅዳ፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጃቸው አገር ቤት አያቱ ዘንድ ነው። ሰውየው ስልክ ስላልነበረው ሚስቱ አርብ አርብ የምትደውለው በእኔ ነበር። "ብሩ ደረሰ? ልጁ ደህና ነው?" ትላለች። "ደርሷል፤ ደህና ነው" እላታለሁ። ከዚህ ያለፈ አላወራንም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አያትየዋ ከጎረቤት ስልክ ደወሉ። "ልጁን አተኮሰው፣ ዓይኑም ቀላ። ኩፍኝ ሳይሆን አይቀርም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ደግሞ ከቤት አይወጣም ይላሉ። አባቱ ምን ይላል?" ሰውየው ሸክም ይዞ እህል በረንዳ ወርዷል። "እነግረዋለሁ" ብዬ ዘጋሁ። ገበያው ደርቶ ስለነበር ረሳሁት። የነገርኩት በማግስቱ ነው። እሱም ደንግጦ "ወደ እኔ ይዘሽው ነይ" አላቸው።

ቅዳሜ ማታ ከደሴ አውቶቡስ ወረዱ፤ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ልጁ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አያቱ ጀርባ ላይ አንገቱ ወድቆ ያቃስታል። ሳንውል ሳናድር ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ወሰድነው።

ነርሷ ሸሚዙን ገልጣ፣ ሰዓቷን እያየች ትንፋሹን ቆጠረች። በሳበ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። "ክትባት ወስዷል?" ስትል አያትየዋ መቀነታቸውን ፈትተው በፌስታል የተጠቀለለች፣ አራት ቦታ የታጠፈች ካርድ አወጡ። ነርሷ ጣቷን በየረድፉ አወረደች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ቀን ተጽፎባቸዋል። የኩፍኙ ረድፍ ባዶ ነው።

"ይሄ በ9 ወሩ መሰጠት ነበረበት።"

"እናቱ የሄደችው በ5 ወሩ ነው" አለ አባት፣ መሬት መሬት እያየ።

ኩፍኝ ነው፤ በላዩ ላይ የሳንባ ምች ገብቶበታል ተባልን። ኦክስጅን ተደረገለት፣ መርፌና ቫይታሚን ኤ ተሰጠው።

ሌሊቱን ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ፣ "እማማ፣ ጤና ኬላ የላችሁም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ኧረ አለ! ከወንዙ ማዶ ነው። ልጆቹ ቤት ድረስ መጥተው አስከትቢው ብለውኛል፤ በነፃ ነው። እኔ ግን አደራ ጠባቂ ነኝ ልጄ። በሰው ልጅ መርፌ አስወግቼ አንድ ነገር ቢሆን ለእናቱ ምን ብዬ እመልሳለሁ?"

"ልጆቹ" ያሏቸው በ1995 የተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት የመደባቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። ክትባቱም ሰውም ደጃቸው ድረስ መጥቷል። እሺ የሚል ወላጅ ግን መርካቶና ጅዳ ነበር። ያ ልጅ ያን ሁሉ መንገድ ታዝሎ የመጣው ወሳኝ ፍለጋ ነው። ወሳኙ ዘንድ የምታደርሰው ስልክ ደግሞ በእኔ እጅ አንድ ቀን ሙሉ ተኝታለች።

ልጁ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በእግሩ ወጣ። በመካከሉ እናቱ ስትደውል "ደህና ነው" ማለት አቃተኝና ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። "ካርዱን እኮ ሰጥቻቸው ነው የሄድኩት" አለች። ሰጥታቸዋለች። እሳቸውም አንድ ቀን ሳይጥሉት በመቀነታቸው ቋጥረው ጠብቀውታል። "አስከትቢው" ያላቸው ወላጅ ግን አልነበረም።

ዛሬ የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር፣ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ጤና ኬላዎችም የሕፃናትን የሳንባ ምች ማከም ከጀመሩ ቆይተዋል። ልጃችሁን አያት ዘንድ ትታችሁ የምትሠሩ፣ ብሩን ስትልኩ ካርዱን አስነብቡና ስሙ። ለአያትየዋም "ሲያመው እኛን አትጠብቂ፣ ይዘሽው ሂጂ" በሏት። አደራው ሙሉ የሚሆነው ያኔ ነው።