ስለ ወላጆቻችን ፎቶግራፍና ስለ ብርሃኑ አቅጣጫ

በአገራችን ሰው በሞተ ጊዜ ዘመዶቹ ፎቶግራፉን ከፍ አድርገው ይዘው እያለቀሱ መታየታቸው የታወቀ ልማድ ነው። ነገር ግን ከነዚህ ፎቶግራፎች ብዙዎቹን ቀርቦ የተመለከተ ሰው ነጠላው እንደ በረዶ ነጥቶ ያያል እንጂ የሟቹን መልክ ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ልጆቹ ከፍ አድርገው የያዙት አባታቸውን ሳይሆን የአባታቸውን ነጠላ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ምክንያቱ የካሜራው ክፋት አይደለም፤ ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው። ፍላሹ በካሜራው ራስ ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ሲበራ ነጩ ልብስ ብርሃኑን አብዝቶ ይመልሳል፤ ጠይሙ ፊት ግን ጥቂት ብቻ ይመልሳል። ካሜራው ለነጩ ሲጠነቀቅ ፊቱ ይጠቁራል፤ ለፊቱ ሲጠነቀቅ ደግሞ ጥበቡ ይጠፋል። ይልቁንም ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ጥላን ስለሚያጠፋ የግንባር መስመርና የጉንጭ ስርጉድ አይታይም። እኔ በመዝገብ ቤት ሥራዬ ተፍቆ የተጻፈ ወረቀት ሲያጠራጥረኝ ወደ መስኮት ወስጄ ብርሃኑ በጎን እንዲያልፍበት አዘነብለዋለሁ፤ ያን ጊዜ የተፋቀው ሥፍራ ሻካራነቱ ይገለጣል። የፊትም ነገር እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ፍላሹ ከካሜራው ወርዶ በጎን መቆም ይገባዋል። ቀድሞ ይህ የሚደረገው በሽቦ ነበረ፤ ሽቦውም የሕፃንና የፍየል እግር ይጠልፋል። ዛሬ ግን ትሪገር የሚባል ትንሽ መሣሪያ አለ። ላኪው በካሜራው ላይ ይቀመጣል፤ ተቀባዩ ከፍላሹ ጋራ ይያያዛል ወይም አስቀድሞ በውስጡ ተሠርቶ ይገኛል። አንሺው ሲጫን ትእዛዙ በሬዲዮ ሞገድ፥ አብዛኛውን ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ፥ ይሄድና ፍላሹ ወዲያው ይበራል። የአዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ሰፈር ስሙን ያገኘበት ያለ ሽቦ መልእክት የመላክ ጥበብ ዛሬ በመዳፍ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የእኅቴ ልጅ በፍኖተ ሰላም ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ባለፈው በጋ በቡሬ ገጠር የምትኖረውን እናቴን በቤቷ ውስጥ ሊያነሣት አብረን ሄድን። በከተማ ቤት ፍላሹን ወደ ነጭ ጣራ አዙሮ ብርሃኑን ማስመለስ ይቻላል፤ ጢስ ያጠቆረው የሣር ጣራ ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል። ልጁም ፍላሹን ወደ ውጭ አውጥቶ በትንሿ መስኮት አንጻር አቆመው፤ መስኮቷንም ብርሃኑ እንዲለሰልስ በነጭ ነጠላ ጋረዳት። የሬዲዮው ሞገድ የጭቃ ግድግዳ አያግደውምና እርሱ ከውስጥ ሲጫን ፍላሹ ከውጭ በራ።

እናቴ ደንግጣ «አንተ ልጅ፥ ፀሐይ በምዕራብ ትወጣለች እንዴ?» አለችው።

«የለም እምዬ፥ እኔ ነኝ ያወጣኋት» አላት።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይሻል። በብዙዎቹ ካሜራዎች መዝጊያው ከ1/200 ወይም ከ1/250 ሴኮንድ ይልቅ ከፈጠነ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ጥላ ይቀራል። ፍላሹም በእጥፍ ሲርቅ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። በሠርግ ቤት ሁለት አንሺዎች ባንድ ዓይነት መሣሪያና ባንድ የቻናል ቍጥር የሠሩ እንደ ሆነ ያንዱ ጣት የሌላውን ፍላሽ ያበራዋል፤ በዚህም የተነሣ ሙሽሮቹን አቁመው ሲጣሉ አይቻለሁ።

የእናቴ ሥዕል በካሜራው መስኮት ላይ ሲታይ የአንገቷ ንቅሳት፥ የግንባሯ መስመር፥ የነጠላዋም ጥበብ ሁሉ በየቦታው ነበረ። እርሷም ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተችና «ይህችስ እናቴ ናት» አለች። አያቴ አንድም ጊዜ ፎቶግራፍ ሳትነሣ ያረፈች ሴት ናት። ሁለት ቅጂ አሳትመን አንዱን በቤቷ ምሰሶ ላይ ሰቀልንላት።