እናት ሰሌዳ

የኮምፒውተርን ዋና ሰሌዳ ፈረንጆች «ማዘርቦርድ» ይሉታል፤ እናት ሰሌዳ እንደ ማለት ነው። ሌላው ዕቃ ሁሉ በእርሷ ላይ ተሰክቶ የሚኖር በመሆኑ ስሟ ይገባታል። ነገር ግን እናት ስታረጅ ልጆቿን ከዕድገት ታግዳለችን? ሰሞኑን በቤታችን የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

አባታችን በ2006 ዓ.ም. ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛልን ኮምፒውተር ዛሬም ይሠራል። አባታችን ግን የለም። ታናሽ እኅቴ የሥነ ሕንፃ ምሩቅ ናት፤ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን በ«ብሌንደር» ሥላ፣ ብርሃን አልብሳ ለደንበኞቿ ታሳያለች። ማሽኑ አንዱን ሥዕል እስኪጨርስ ሌሊቱ ይነጋል። ሜሪላንድ የሚኖረው ታላቅ ወንድማችን ለፋሲካ ሲመጣ ግራፊክስ ካርድ ሊያመጣላት ቃል ገባ። የሰሙት ሁሉ ግን «ሰሌዳው አርጅቷል፤ ካርዱ በከንቱ ይቀራል፤ ያለውን ሽጣችሁ አዲስ ግዙ» አሏት። እኅቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ስለ ገንዘብ ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ።

አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ አይቀመጥም ይባላል። ይህ ፍርድ በኮምፒውተርም ዓለም በትክክል የሠራበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ብቅ ያለው «ኤ.ጂ.ፒ.» የተባለው የካርድ ማስገቢያ፣ በ2004 በ«ፒ.ሲ.አይ. ኤክስፕረስ» መተካት ሲጀምር ቅርጹ ራሱ ተለወጠ፤ አዲሱ ካርድ በአሮጌው ሰሌዳ ላይ ጨርሶ አይገባም ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ትውልዶች ግን ይግባባሉ። የኋለኛው ካርድ በቀደመው ሰሌዳ ላይ ይሰካል፤ የሚነጋገሩትም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው።

የእኛዋ ሰሌዳ የሦስተኛው ትውልድ ናት። ዐሥራ ስድስቱ መሥመሮቿ በየአቅጣጫው በሴኮንድ 16 ጊጋባይት ያህል ያሳልፋሉ፤ አራተኛው ትውልድ የዚህን ዕጥፍ። ልዩነቱ ለአብዛኞቹ ካርዶች የሚያስለቅስ አይደለም። የሚያስፈራው መሥመሩን የቆጠበ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን ራዴዮን አር ኤክስ 6500 ኤክስ ቲ እንውሰድ፤ የአራተኛው ትውልድ ካርድ ሆኖ ሳለ የሚጠቀመው በአራት መሥመሮች ብቻ ነው። በእኛዋ ሰሌዳ ላይ ቢሰካ 4 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ይደርሰዋል። የራሱ ማኅደረ ትውስታም 4 ጊጋባይት በመሆኑ፣ በሞላ ጊዜ የጎደለውን በዚያች ጠባብ በር ማመላለስ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ርካሹ ካርድ ለአሮጌ ሰሌዳ ይስማማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

የእኅቴ ሥራ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብሌንደር ሥዕሉን በካርዱ ሲያሰላ መረጃውን አስቀድሞ ወደ ካርዱ ማኅደር ያሻግራል፤ ከዚያ በኋላ ረጅሙ ስሌት እዚያው ይከናወናል። ስለዚህ የበሩ ጥበት እምብዛም አያውካትም። ለጨዋታ ቢሆን ኖሮ ያረጀው ፕሮሰሰር ካርዱን ደጅ ባስጠናው ነበር። የቀረው የኃይል ጉዳይ ነው፦ ማስገቢያው እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ የሚሻ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ገመድ ይፈልጋል።

ለወንድማችን የላክሁለት መልእክት በሦስት ነጥብ ተጠቃለለ፦ በዐሥራ ስድስት መሥመር የሚሠራ፣ ማኅደሩ ሰፋ ያለ፣ ፓወር ሰፕላያችን የሚሸከመው ካርድ ይሁን።

እኅቴ ይህን ሁሉ ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ወደፊት አዲስ ሰሌዳ ስገዛስ?»

ካርዱ ተነቅሎ ወደ አዲሷ ይሻገራል፤ በሰፊው በርም ሙሉ ፍጥነቱን ያገኛል። የአባታችን ሰሌዳ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ትቀራለች። ይህን ስነግራት አላዘነችም። እናት ልጇን የምታዝለው በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ነውና።