ጭልፊት ቆጣሪዎቹ

ይህን የምጽፈው ሙቀቱ በርዶ መስኮት መክፈት በሚቻልበት በጥቅምት ወር ነው። ለብዙዎቻችን ይህ ወቅት የበረንዳ አቧራና የምንጣፍ አጠባ ነው። እኔ ግን ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጥቅምት ሲመጣ ወደ ሰማይ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

አል ዐይን በምሠራበት ጊዜ ቤተሰቡ በዕረፍት ቀን ልጆቹን ይዞ ጀበል ሐፊት ሥር ወዳለው ሙበዘራ ይሄድ ነበር። ፍልውኃውንና ሣሩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ሲጫወቱ እኔ ዕቃ እየጠበቅሁ እቀመጣለሁ። ቆጣሪዎቹን ያየኋቸው እዚያ ነው። አራት ሆነው፣ እግር ያለው ትልቅ መነጽር ተክለው፣ ደብተር ይዘው ተራራው ላይ የሚያንዣብበውን ያያሉ። አንዱ ሕንዳዊ የፋርማሲ ሠራተኛ፣ አንዷ ፊሊፒናዊት ነርስ፤ እንደኛው ስደተኞች ናቸው። የሚከፍላቸው የለም። በዕረፍት ቀናቸው ነው የሚመጡት።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። እኛ አገር፣ ሐርቡ፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩት እንዳይነጥቅ ጮኸን እናባርረዋለን እንጂ ማን ይቆጥረዋል? ሕንዳዊው ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ ስለው ፊቱ በራ። ወደ ላይ አንድ ንስር እያሳየኝ «ይሄ ከካዛኪስታን በኩል የሚመጣ ዘር ነው። ብዙ ወገኖቹ በዚህ ወር ወደ አንቺ አገር ይወርዳሉ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንስርና ጭልፊት ረጅም መንገድ ሲሄዱ ክንፋቸውን እያራገቡ አይደክሙም። ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ወደ ላይ በሚወጣው ሙቅ አየር እየዞሩ ከፍ ይሉና ክንፋቸውን ዘርግተው ይንሸራተታሉ። ባሕር ላይ ይህ አየር ደካማ ስለሆነ ጠባብ መሻገሪያ ይፈልጋሉ። ከእስያ ተነሥተው የዓረብን ምድር ካቋረጡት ብዙዎቹ በየመን በኩል ባብ ኤል መንደብ ላይ ይሰበሰባሉ። ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አፋርና ስምጥ ሸለቆ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጄፍ ዌልችና ሂላሪ ዌልች የተባሉ ወፍ ተመልካቾች ጅቡቲ በኩል ተቀምጠው ሲቆጥሩ፣ በአንድ ወቅት ብቻ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞሮች ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከ76 ሺህ የሚበልጡት ያ ያሳየኝ ዓይነት ንስሮች ነበሩ።

እንዴት እንደሚቆጥሩም አየሁ። አሞሮቹ ሲዞሩ ይደባለቃሉና አይቆጠሩም። ቆጣሪው ይጠብቃል። ከላይ ደርሰው በተርታ መንሸራተት ሲጀምሩ ያኔ አንድ በአንድ፣ ሲበዙ አሥር አሥር እያደረገ ይቆጥራል። እጁ ላይ ማዳም ለዚክር በጣቷ የምትጫነውን ዓይነት ትንሽ መቁጠሪያ ይይዛል። አንዱ የቆጠረውን ሌላው እንዳይደግመው ሰማዩን ይካፈላሉ። ምንም ያላለፈበት ሰዓት ቢኖር እንኳ ዜሮ ብለው ይጽፋሉ። «ምንም ካላየህ ለምን ትጽፋለህ?» ስለው፣ «ባዶ ከተውኩት አሞራ አልመጣም ይሁን እኔ አልነበርኩም ይሁን በኋላ አይለይም» አለኝ።

ቆጠራ ምን ይፈይዳል የምትል ትኖራለች። አሜሪካ ውስጥ ሆክ ማውንቴን የሚባል ተራራ አለ። አዳኞች እየወጡ ያገኙትን ጭልፊት ሁሉ የሚረሽኑበት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ሮዛሊ ኤጅ የምትባል ሴት ተራራውን ተከራይታ ግድያውን አስቆመች፤ ቆጠራውም ተጀመረ። ቆጣሪዎቹ ቁጥር ብቻ አልነበረም የሚጽፉት፤ ትልቁንና ልጁንም ለይተው ይጽፉ ነበር። ከዓመታት በኋላ ትልልቆቹ ንስሮች እያለፉ ልጆቹ እያነሱ መጡ። ሬቸል ካርሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው መጽሐፍ ይህንን መዝገብ ከማስረጃዎቿ አንዱ አድርጋ ስለ ዲዲቲ ጉዳት ጻፈች። አገሯ በ1972 ዲዲቲን በእርሻ ላይ ከለከለ። ያ ሁሉ ደብተር ባይኖር ጫጩቶቹ መጥፋታቸውን ማን ያውቅ ነበር?

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። አሞሮቹ ወደ አገራችን በሚሻገሩበት ባሕር የእኛ ልጆች በተቃራኒው ይሻገራሉ። አይኦኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው የመን የደረሱትን ከ138 ሺህ በላይ ብሎ መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከሰፈራችን አንዲት ልጅ በባቲ በኩል ወጥታ ኦቦክ መድረሷን በሰው ስልክ ተናግራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምጿ የለም። ዓመታት አለፉ። በዚያ ቁጥር ውስጥ ትኑር አትኑር ለእናቷ የነገራት የለም። የትኛው ጀልባ ላይ እንደወጣች የጻፈ ሰው የለማ! እናቷ ሐዘን መቀመጥም፣ ተስፋ አድርጎ መጠበቅም አልሆነላትም።

አቡ ዳቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ የጭልፊት ሆስፒታል አለ። ከ2002 ጀምሮም ሰቅር የሚሉት አዳኝ ጭልፊት ድንበር የሚሻገረው በራሱ ፓስፖርት ነው። ይህን ስንሰማ በምሬት እንስቃለን፤ «ሰቅሩ ፓስፖርት አለው፣ የእኔ ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነው» እንላለን። የአገሩ ሕግ ግን፣ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ሰነድሽን በእጅሽ የመያዝ መብት ይሰጥሻል፤ ይህን እወቂ። ሌላም ነገር አስቢ። ሰቅሩ ባለቤት ስላለው ሲጠፋ ይፈለጋል። የዱሩን ጭልፊት ግን የሚቆጥረው የዕረፍት ቀኑን የሰጠ ፈቃደኛ ነው። እኛም ባለቤት የለንም፤ ያለን አሠሪ ነው። ስለዚህ እርስ በርሳችን እንቆጣጠር።

አሁን አቡ ዳቢ፣ ከሊፋ ሲቲ ነው ያለሁት። 14 ሴቶች ሆነን አንድ ደብተር ከፈትን። ስም እስከ አያት፣ የአገር ቤት ስልክ፣ የአሠሪ ቤት ሰፈርና የበር ቁጥር ይጻፍበታል። የፓስፖርት ፎቶ ደግሞ ሁለት ሰው ስልክ ላይ ይቀመጣል። እሑድ ማታ እያንዳንዷ በድምፅ «አለሁ» ብላ ትልካለች። ወሬ ካላት ትጨምር፣ ከሌላት ይኸው ይበቃል። ተረኛዋ ያልሰማቻትን «አልሰማሁም» ብላ ትጽፋለች፤ ባዶ ቦታ አንተውም። ሰኞ ይደወላል። ሁለተኛው እሑድም ዝም ከሆነ ሰው ይሄዳል።

ባለፈው ረመዳን አንዷ ሁለት እሑድ ዝም አለች። የበር ቁጥሩ ስለነበረን በዚያ ሰፈር የምትሠራ እህት ሄዳ ዘበኛውን ጠየቀችው። ቤተሰቡ እሷን ይዞ ወደ አል ዐይን ዞሯል። እዚያ ያሉ እህቶች አፈላልገው ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ አገኟት። ስልኳ ተወስዶባት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችው «እናቴ ሰማች እንዴ?» ብላ ነው። ስልኳን ለማስመለስ ወር ፈጀ፤ የደመወዟ ነገር ዛሬም አላለቀም። ቢሆንም የት እንዳለች እናውቃለን፣ እናቷም ታውቃለች።

እናንተም ሦስት ከሆናችሁ ይበቃል፣ ጀምሩ። ደብተሩን እንዴት እንደምናሰምረው ማየት የምትፈልግ በማኅበሩ በኩል ትጠይቀኝ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ምድሩ ሞቅ ሲል ልብስ ልታሰጡ ጣራ ከወጣችሁ ደግሞ ቀና በሉ። ክንፉን ሳያራግብ የሚዞር ካያችሁ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉት፤ ወደ አገር ቤት እየወረደ ይሆናል።