ውድ ሌንስ ይዤ ላሊበላ

ሰው ለረጅም ጊዜ ሲመኘው የኖረውን ዕቃ በእጁ ባስገባ ጊዜ፥ ዕቃው ሁሉን ነገር የሚሠራለት ይመስለዋል። ጥሩ ብዕር የገዛ ተማሪ ጥሩ ድርሰት የሚጽፍ ይመስለዋል፤ አዲስ ሙሉ ልብስ ያሰፋ የቢሮ ሠራተኛም የደረጃ ዕድገቱ በማግሥቱ የሚደርሰው ይመስለዋል። እኔም ከዚህ ሞኝነት ነጻ አልነበርሁም። የእኔ ምኞት ግን ብዕርም ልብስም ሳይሆን የካሜራ ሌንስ ነበር።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላብራራ። ዛሬ በብዛት የሚሠሩት ደኅና ካሜራዎች ሚረርለስ የሚባሉት፥ ማለት በውስጣቸው መስተዋት የሌላቸው ናቸው። በቀድሞዎቹ ካሜራዎች በሌንሱና ብርሃን በሚቀበለው ሰሌዳ መካከል አንድ መስተዋት ይቀመጥ ስለ ነበር፥ ሌንሱ ራቅ ብሎ መቆም ነበረበት። መስተዋቱ ሲወጣ ግን ሌንሱ ተጠጋ። በካኖን ካሜራዎች 44 ሚሊ ሜትር የነበረው ርቀት፥ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2018 በወጣው አዲሱ ዐይነት 20 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በዚህም ምክንያት የሌንስ ሠሪዎች ትልልቅ ብርጭቆዎችን ከሰሌዳው አጠገብ ለማኖር ተመቻቸው።

ሌንስም ሁለት ዐይነት ነው። ዙም የተባለው ሰው በቆመበት ሆኖ ሩቁን የሚያቀርብበት ነው። ፕራይም የተባለው ግን ርቀቱ አይለወጥም፤ ነገሩን ማቅረብ ሲያስፈልግ የሚሄደው ሰውዬው ነው። ፕራይምን ተወዳጅ ያደረገው የብርሃን በሩ ሰፊ መሆኑ ነው። በሌንሱ ላይ 1.2 ወይም 1.8 እየተባለ የሚጻፈው ቊጥር የዚህን በር ስፋት ያመለክታል፤ ቊጥሩ ባነሰ መጠን በሩ ይሰፋል።

እኔ ያለኝ ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሩ 1.8 ነው። ክብደቱ 160 ግራም ብቻ ነው፤ በ2020 ሲወጣ ዋጋው 199 ዶላር ነበር። የተመኘሁት ደግሞ የዚሁ ኩባንያ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፥ በሩ 1.2 የሆነው ነው። እርሱ 950 ግራም ይመዝናል፤ በ2018 ሲወጣም 2,299 ዶላር ተሽጧል። ይህ የጀማሪ ሠራተኛ የስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስላው። እኔስ አስልቼ እርሳሴን አስቀመጥሁ። ዋጋው ከዐሥራ አንድ እጥፍ ይበልጣል፤ የሚያስገባው ብርሃን ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው።

ባለፈው ኅዳር በውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለዕረፍት መጣ፤ ያንን ሌንስም በሻንጣው ይዞ ነበር። ወደ ላስታ ልሄድ መሆኔን ሲሰማ ለአንድ ሳምንት አዋሰኝ። ሲሰጠኝም፥ «ከእጅህ ቢወድቅ አንተም አብረህ ውደቅ» አለኝ። እኔም ሌንሱን በጋቢዬ ጠቅልዬ፥ ደሴ አድሬ፥ በወልድያና በጋሸና አድርጌ ላሊበላ ገባሁ። በመንገዱ ሁሉ አውቶቡሱ በዘለለ ቊጥር ልቤ አብሮ ይዘል ነበር።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ ፀሐዩም ብርቱ ነው። በደጅ ያለው ብርሃን ዓይን ይወጋል፤ በቤተ ክርስቲያኖቹ ውስጥ ያለው ጨለማ ደግሞ ከዚያ ብርሃን ለመጣ ሰው ጉድጓድ ይመስላል። ፎቶግራፍ አንሺን የሚፈትነውም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቤተ ጊዮርጊስ ሄድሁ። በደረቅ ስሌት ላስረዳ። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ሰው ካሜራውን አቁሞ ከ6 ሜትር ርቀት ቢያነሣ፥ የሚገባለት ቁመት 4 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከ10 ሜትር በላይ ይቆማል፤ ዙሪያውን የተቈፈረው ግቢም ወደ ኋላ ለመሸሽ አይበቃም። ስለዚህ ጀርባዬ ከዓለቱ እስኪጣበቅ ድረስ ብሸሽም፥ ያገኘሁት መስኮትና ግማሽ ግድግዳ ነው። ወደ ላይ ወጥቼ በአፋፉ ዙሪያ ስዞር ዋልሁ። በመጨረሻ ወደ ማታ የመስቀሉ ቅርጽ ሙሉ ሆኖ የሚታይበትን ቦታ አገኘሁ። ዙም ይዤ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ በቆምሁበት አንሥቼ ወደ ማረፊያዬ በተመለስሁ ነበር። ፕራይም ሌንስ ሰውን ያደክማል፤ ነገር ግን የሚያየውን ነገር በአራቱም ማዕዘን እንዲያውቀው ያስገድደዋል።

በሁለተኛው ቀን ጫማዬን አውልቄ ቤተ ማርያም ገባሁ። እዚህ ላይ የሌንሱን ምስጋና መሸሸግ አይገባኝም። በጨለማው ውስጥ፥ ብልጭታ የሚሰጥ መብራት ሳልጠቀም፥ በዐምዶቹና በቅስቶቹ ላይ ያሉትን ሥዕሎች አነሣሁ። በእኔ ሌንስ ቢሆን በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት የሥዕሉ ጠርዝ ይደበዝዝብኛል፤ በዚህኛው ግን መካከሉም ጠርዙም የጠራ ነው። ለካ ዐሥራ አንድ እጥፍ የሚከፈለው ስለ ብርሃኑ ብቻ አይደለም።

በዚህ ደስታ ላይ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ቄስ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው ከዐምዱ አጠገብ ቆመው አየሁ። እጅ ነሥቼ፥ መስቀል ተሳልሜ፥ «አባ፥ ይፈቅዱልኛል?» ብዬ ጠየቅሁ። እርሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ መስቀሉን ወደ ፊት ይዘው፥ ፊታቸውን ትንሽ ዘንበል አደረጉልኝ። አንድ ሜትር ያህል ቀርቤ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ አነሣሁ። የወጣውም ሥዕል በውጭ አገር መጽሔቶች የማየው ዐይነት ነበር። አንደኛው ዓይናቸው ሽፋሽፍቱ እስኪቈጠር ድረስ ጠርቷል፤ የቀረው ሁሉ እንደ ጢስ ሆኖ ቀልጧል። ይህን የመቅለጥ ነገር ጃፓኖች ቦኬ ይሉታል፤ ውድ ሌንስ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ለዚሁ ነው።

ኰራሁና ለእርሳቸው አሳየኋቸው። አባ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ፥» አሉኝ፥ «አንድ ዓይኔን የት ጣልኸው?»

ዝም አልሁ።

«ይህ ነጭ ነገርስ መስቀሌ ነውን? ቤተ ክርስቲያኑስ ወዴት ሄደ?»

እኔም ይህ ጥፋት ሳይሆን ጥበብ እንደ ሆነ፥ በውጭ አገር ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት ይህንኑ ብዥታ ለማግኘት መሆኑን አስረዳሁ። አባ ከት ብለው ሣቁ።

«ጕም ለመግዛት ነዋ! ጕም ከሆነ የምትፈልገው በላስታ ያለ ዋጋ ሞልቷል፤ በክረምት ና።»

ከዚያም እጃቸውን ዘርግተው በግድግዳው ላይ ያሉትን ቅዱሳን አሳዩኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ መጨመርም አላስፈለጋቸውም። በአባቶቻችን የሥዕል ልማድ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኖቹ ይሣላል፤ በአንድ ዓይን፥ በጐኑ የሚሣለው ኃጥእና ጋኔን ነው። ደግሞም በዚያ ሥዕል ውስጥ የሚደበዝዝ ነገር የለም። ፈረሱም፥ ጦሩም፥ ዘንዶውም፥ ከኋላ ያለው ቤትም እኩል ይታያል፤ ሁሉም ስለሚነገረው ታሪክ ምስክር ነውና። እኔ ግን የቤተ ማርያምን ካህን ቤተ ማርያምን ነሥቼ፥ መስቀላቸውን ወስጄ፥ በአንድ ዓይን አስቀርቻቸዋለሁ።

ያን ማታ በማረፊያ ቤቴ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በመጀመሪያ ተቈጥቼ ነበር፤ «የፎቶግራፍ ጥበብ ያልገባቸው ሰው» ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ። በኋላ ግን ሳስበው ያልገባኝ እኔ ሆኜ ተገኘሁ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በአገራችን ሳለ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ፥ የጻፈውን የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ሠግቷል፤ መጽሐፉም በ1540 ታትሟል። አልቫሬዝ ካሜራ ቢኖረው ኖሮ ግድግዳውን በጕም ይሸፍነው ነበርን? የስዊሱ ተወላጅ ጌዮርግ ጌርስተርም ስለ እነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት በፎቶግራፍ የተሞላ ትልቅ መጽሐፍ በ1968 ሲያወጣ፥ የሠራው በፊልም ነው። የዚያን ጊዜ ፊልም ብርሃን የመቀበል ኀይሉ ደካማ ስለ ነበር፥ ሰፊ በር ያለው ሌንስ የሚፈለገው በጨለማ ለማየት ነበር። ካኖንም በ1961 በሩ 0.95 የሆነ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አውጥቶ ነበር። የዛሬው ካሜራ ሰሌዳ ግን ከዚያ ዘመን ፊልም በብዙ እጥፍ የበለጠ ለብርሃን ንቁ ነው። ብርሃን ለማግኘት ብለን የሠራነውን በር፥ ዛሬ ነገሩን ለማጥፋት እንከፍተዋለን።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ተመልሼ ሄድሁና አባን አገኘሁ። «አባ፥ ዓይንዎን ልመልስ መጥቻለሁ» አልኋቸው። ሣቁና ተከተሉኝ። በሩን ወደ 8 ማጥበብ ፈልጌ ነበር፤ ከ1.2 ወደ 8 ሲጠብ ግን የሚገባው ብርሃን ከ40 እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ ደጃፉ እንዲወጡልኝ ለመንኋቸው። በ2008 ከላይ የተተከለው መጠለያ የፀሐዩን ብርታት ስለሚያበርደው፥ በደጃፉ ላይ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነበር። ሁለት ሜትር ርቄ ቆምሁ። ከአንድ ሜትር በ1.2 ሲነሣ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከሁለት ሜትር በ8 ሲነሣ ግን ከ70 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው፥ መስቀላቸውም እስከ ጌጡ ድረስ፥ ከኋላቸውም በመሮ የተጠረበው ዓለት ገባ።

በዚያው ቦታ የራሴንም ርካሽ ሌንስ ሞከርሁት። ሌንስ በሚለወጥበት ጊዜ የላስታ አቧራ ጠላት ነውና፥ ካሜራውን አጥፍቼ፥ አፉን ወደ መሬት ደፍቼ፥ በነጠላዬ ከልዬ ለወጥሁት። ሚረርለስ ካሜራ መስተዋት ስለሌለው፥ ሌንሱ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ሰሌዳው ራቁቱን ይቀራል፤ የሚሰማኝ ካለ ይህን ጥንቃቄ አይርሳ። አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ሁለቱን ፎቶግራፎች በፖስት ካርድ መጠን አሳትሜ ጐን ለጐን አኖርኋቸው። የትኛው በ2,299 ዶላሩ፥ የትኛው በ199 ዶላሩ እንደ ተነሣ፥ ከጀርባቸው ካልጻፍሁ በቀር እኔ ራሴ መለየት አልቻልሁም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ውዱ ሌንስ ከንቱ ነው አልልም። በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል የሚያነሣ፥ በዚህም እንጀራውን የሚበላ ሰው ቢገዛው አይጸጸትም፤ እኔም ስመልሰው እጄ ከብዶት ነበር። ነገር ግን ገና ለሚማር ወይም ገና ደመወዝ ለጀመረ ሰው 160 ግራሙ ይበቃዋል። በተረፈው ገንዘብ አውቶቡስ ተሳፍሮ ላስታ ይውረድ፤ ይሂድ፥ ይዙር፥ ይጠይቅ። የማናቸውም ሌንስ በር ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ሲጠብም ጥቅም አለው። ምን ያህል መክፈት እንደሚገባ የሚያውቀውም ብርጭቆው ሳይሆን፥ የሚነሣው ሰው ምን እንደሚወድ ቀድሞ የጠየቀ ሰው ነው።

ፎቶግራፉን ለገና ወደ ላሊበላ በሚሄድ ወዳጄ እጅ ለአባ ላክሁላቸው። ወዳጄ ሲመለስ መልእክት ይዞልኝ መጣ። አባ ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን አቅርበው፥ በመጀመሪያ መስቀሉን፥ ቀጥሎ ግድግዳውን፥ በመጨረሻ ራሳቸውን ተመለከቱ አሉ። ከዚያም፥ «ሁለቱንም ዓይኔን መልሶልኛልና፥ እግዚአብሔር የእርሱንም ሁለት ዓይኖች ይጠብቅለት በለው» ብለው መረቁኝ።