የበዓላቸውን ሌሊት ተረኛ ሁኚላቸው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦

በነርስነት ልትሠሪ ጀርመን አገር ሐምቡርግ የምትገቢው ኅዳር ሊያልቅ ሲል ስለሆነ፣ እኛ ጾመ ነቢያትን ይዘን፣ ጀርመኖቹም ከልደት በፊት ያሉትን አድቬንት የሚሏቸውን ሳምንታት ጀምረው ይሆናል። ወላጅ ልጁን ወደ ሰው አገር ሲሸኝ የሚመክረው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጌታን መጠባበቅ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም።

ከልደታችን በፊት ያሉትን ሦስቱን ሳምንታት ታውቂያቸዋለሽ። ታኅሣሥ 7 ስብከት ይገባል፣ ታኅሣሥ 14 ብርሃን፣ ታኅሣሥ 21 ኖላዊ። የየእሑዱን ምስባክ ልብ ብለሽ ሰምተሽ ከሆነ ሦስቱም ልመና ናቸው። በስብከት ዳዊት እግዚአብሔር እጁን ከአርያም እንዲሰድለት ይለምናል፤ በብርሃን ብርሃኑን እንዲልክለት፤ በኖላዊ ደግሞ የእስራኤል እረኛ ጆሮውን እንዲሰጥ። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የምትለምነው የጌታ መወለድ ጠፍቷት አይደለም። እኛንም ነቢያት በቆሙበት አቁማ፣ ያልታየ ተስፋ ይዞ መኖር ምን እንደሆነ በጉልበታችንና በሆዳችን እንድናውቀው ብላ ነው። ኢሳይያስ ድንግል እንደምትፀንስ ተናገረ፣ ሚክያስ ቤተ ልሔምን በስሟ ጠራ፤ ሁለቱም በዓይነ ሥጋ ሳያዩት አለፉ።

ከተጠባባቂዎቹ ሁሉ እኔ አብዝቼ የምወዳት የፋኑኤልን ልጅ ሐናን ነው። ሉቃስ በምዕራፍ 2 የሰጣት ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ከባሏ ጋር 7 ዓመት ኖራ መበለት ሆነች፤ በመበለትነትም እስከ እርጅናዋ ኖረች። ከመቅደስ ሳትለይ ሌሊትና ቀን በጾምና በጸሎት ታገለግል ነበር። አረጋዊው ስምዖን የተናገረው ቃል በቃል ተጽፎለታል፤ የሐና ንግግር ግን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አልቀረልንም። የቀረልን ሥራዋ ነው። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ በመጣችበት ሰዓት ሐና እዚያው ነበረች፤ ማንም ልኮ አላስጠራትም። በየዕለቱ ከቦታዋ የማትታጣ ሴት ስለነበረች ያቺም ሰዓት አላመለጠቻትም። የሌሊት ፈረቃ ሲከብድሽ እሷን አስቢያት።

አሁን ወደ ሥራሽ ልምጣ። የእነሱ ልደት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፤ ያኔ እኛ ገና በብርሃን ሳምንት ውስጥ ነን። ጀርመኖች ደግሞ ከቤተሰባቸው ጋር የሚሰበሰቡት በተለይ በዋዜማው ማታ ነው። ሆስፒታል ግን አይዘጋም። ትናንሽ ልጆች ያሏት ባልደረባሽ ያን ሌሊት ተረኛ ሆና ስትጨነቅ ካየሽ፣ ሳትጠይቅሽ «እኔ እገባልሻለሁ» በያት። የእኛ ልደት የሚመጣው ከ13 ቀን በኋላ ስለሆነ ምንም አይቀርብሽም። ውለታም አድርገሽ አትቁጠሪው።

በዚያ ሌሊት ዋርዱ ውስጥ የሚቀሩት ወደ ቤት ለመሄድ ያልቻሉ ናቸው፤ ጠያቂ የሌላቸው አዛውንትም አይጠፉም። ትራሳቸውን ቀና አድርጊላቸው፤ ከንፈራቸው ሲደርቅ አርጥቢላቸው፤ መብራቱን ቀንሰሽ ጥቂት ደቂቃ አጠገባቸው ተቀመጪ። ጀርመንኛሽ ገና ቢኮላተፍም የእጅሽን ልስላሴ ያውቁታል። ዳዊት ከአርያም ትምጣልኝ ብሎ የለመናት እጅ አንዳንዴ በነርስ እጅ በኩል እንደምትደርስ ከልቤ አምናለሁ።

አራት ሻማ የተተከለበት የጥድ ጉንጉን በየቦታው ታያለሽ፤ በየእሑዱ አንድ እየጨመሩ ያበሩታል። ባዕድ ነገር ነው ብለሽ አትሽሺው። የተጀመረው በዚያችው በምትሄጂባት ከተማ ነው፤ በ1839 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን የሚባል የወንጌላውያን የነገረ መለኮት ሊቅ ራውኸስ ሃውስ በተባለ ቤት የድሀ ልጆችን ያሳድግ ነበር። ልጆቹ ልደት መቼ ነው እያሉ ቢወተውቱት፣ በአሮጌ የጋሪ መንኮራኩር ላይ ለአዘቦቱ ቀን ትናንሽ፣ ለእሑድ ትላልቅ ሻማዎች ተክሎ በየቀኑ አንድ አንድ ያበራላቸው ጀመር። ለድሀ ልጅ ተስፋን ቀን በቀን መቁጠር ያስተማረ ሰው ሥራው ሊከበርለት ይገባል።

ኬክና ብስኩት ይቀርብልሻል፤ ቅቤና እንቁላል አለበት። «አመሰግናለሁ፣ ጾም ላይ ነኝ» ማለት ይበቃል። ፊትሽን አታጥቁሪ፣ ስብከትም አትጀምሪ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ይነግረናል፤ ጠብና ክርክር ያለበትን ጾም ግን ይነቅፋል። ስንት ሰዓት ድረስ እንደምትጾሚ ለራስሽ አትወስኚ። ሕመምተኛ ይዘሽ ራስሽ እንዳትወድቂ የሥራሽን ጠባይ ለንስሐ አባትሽ አስረጂና እሳቸው ያሉሽን አድርጊ።

የአያትሽን ዳዊት ከነማኅደሩ ሻንጣሽ ውስጥ ታገኚዋለሽ። የገጾቹ ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ጠቁሯል፤ የረቡዕ ምንባብ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበታል። እሳቸው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ ሳምንቱን ይዘልቁት ነበር። አንቺ በፈረቃ የምትኖሪ ነሽና ያን ያህል አልጭንብሽም። አንድ ንጉሥ የሚባለው የመዝሙራት ክፍል ካልሆነልሽ አንድ መዝሙር ይሁን፤ ብቻ አታቋርጪ። ከሳምንት አንድ ቀን በርትቶ ስድስቱን ቀን ከመተው በየቀኑ ጥቂት ይሻላል።

ሥራ እንደጀመርሽ ለልደታችን የፈቃድ ቀን አስቀድመሽ አስመዝግቢ፤ በመጨረሻው ሳምንት ብትጠይቂ ላይሰጡሽ ይችላሉ። እናትሽ ሽሮውንና በሶውን ለየብቻ ቋጥራልሻለች። እንደደረስሽ ደውዪ፤ ሌሊትም ቢሆን እናነሣለን። እመ ብርሃን ከፊትሽ ትቅደም።

አባትሽ