መርከብ ፍለጋ… ወደ ኢሉባቦር!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መርከብ ሲባል ትዝ የሚላችሁ የት ነው? ምጽዋ፣ አሰብ፣ ጅቡቲ… ካልሆነም ጣና። “ኢሉባቦር” የሚል ካለ እጁን ያውጣ! የለም አይደል? አይገርምም። እኔም “ጎሬ ድሮ ቡናዋን በመርከብ ነበር የምትልከው” የሚል ወሬ ጆሮዬ ባይገባ ኖሮ ዛሬም ከእናንተው ጋር ነበርኩ። ወሬውን ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ተነሳሁ።

መቱ በጅማ በኩል ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ መገኘት ነው። ጅማና አጋሮ ታልፈው በደሌ ሲደረስ ተሳፋሪው ሁሉ መንቃት ይጀምራል። ስሟን ከጠርሙስ ላይ ታውቁታላችሁ፤ ቢራ ፋብሪካው ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋን በየግሮሰሪው አስጠርቷታል። ከበደሌ ወዲያ ግን ሌላ ዓለም ነው። ያዩ ላይ መንገዱ ደን ውስጥ ይገባል። እዚህ ቡናው ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የበቀለ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ይህን ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የአውቶቡሱን መስኮት ከፈት አድርጉና አየሩን ሳቡት። ከኋላ የተቀመጡት እናት “ዝጋው ልጄ፣ ብርድ ይመታኛል” እስኪሉ ድረስ ነው ታዲያ!

መቱ ለስለስ ያለች፣ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ ወጣቱ በዝቶባታል። ሶር ወንዝ አጠገቧ ያልፋል፤ የሶር ፏፏቴ ደግሞ ከከተማዋ ራቅ ብሎ በጫካ መሀል ይገኛል። የመጨረሻው መንገድ በእግር ነው። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ይታዘባችኋል፣ ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። ደረስኩና ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር አሰብኩ፦ ይህ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው ወገኖቼ! ሶር ገባ ከሚባለው ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይሆናሉ። ባሮ በጋምቤላ አድርጎ ወደ ሶባት፣ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ፣ ነጭ ዓባይ ወደ ካርቱም! የመቱ ዝናብ ፓስፖርት ሳይጠየቅ ካርቱም ይገባል ማለት ነው። መርከቡም የመጣው በዚሁ ውሃ ላይ፣ ሽቅብ ነው።

ነገሩ በወረቀት የተጀመረው በግንቦት 1894 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው። ቦታው ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ በወንዙ ዳር ያለውም ርዝመት ከ2,000 ሜትር እንዳያልፍ ተወሰነ። ውሉ አንድ ብልህ ሐረግም ነበረው፤ ፈቃዱ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ ነው ይላል። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተቆረቆረ። ከካርቱም ተነስተው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዙ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ አራግፈው፣ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭነው ይመለሱ ጀመር።

የዚህ ሁሉ ንግድ ራስ ታዲያ ጎሬ ነበረች። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮረብታው ላይ ስትወጡ ታገኟታላችሁ። የኢሉባቦር ዋና ከተማነት በደርግ ዘመን ወደ መቱ እስኪዛወር ድረስ እመቤቲቱ እሷ ነበረች። ግሪኩም ሶሪያውም ሱቅ ከፍቶባታል፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትገባ ልዑል ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው የተቀመጡት፣ ጊዜያዊው መንግሥትም የቆመው እዚህ ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. እስኪደርስባት ድረስ ጎሬ የሀገር መዲና ነበረች ማለት ነው። አሁን ስታዩአት ጸጥ ብላለች። ጸጥታዋ ግን የድሮ ባለጸጋ ጸጥታ ነው።

ጎሬ ላይ አንድ አዛውንት ቤታቸው ቡና ጋበዙኝ። ፍሬው በቅቤ ተጠብሶ የሚቀርበውን “ቡና ቀላ” ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስኩትም እዚያው ነው። አባታቸው በቅሎ እየነዱ ቡና ወደ ጋምቤላ ያወርዱ ነበር።

“መርከቡ መቼ ነበር የሚመጣው አባባ?” አልኳቸው።

“በክረምት ነዋ! ወንዙ ሲሞላ።”

“ያኔ መንገዱ ጭቃ አይሆንም?”

ሳቁ። “እሱ ነው ጣጣው ልጄ። ወንዙ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲደርቅ ወንዙ ይጎድላል።”

እውነታቸውን ነው። መርከብ ባሮ ላይ እስከ ጋምቤላ የሚወጣው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ነበር። ቡና ደግሞ የሚለቀመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ቡናውን በበጋ አውርዶ፣ መጋዘን አስገብቶ፣ ወራት ይጠብቃል። ስልክ የለ፣ ቀጠሮ የለ… ሰማዩን እያዩ መጠበቅ ብቻ። እኛ ታክሲ አሥር ደቂቃ ሲዘገይ የምናብደውን ሰዎች አስቡት እንግዲህ!

አዛውንቱ ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ። “የልጅ ልጄ አዲስ አበባ ትማራለች። ከየት ነሽ ሲሏት ጅማ ነው የምትለው። ጎሬ ስትል ‘የት ነው እሱ?’ እያሉ አሰለቿት አሉ።” አልተቆጡም፤ ግን ስኒያቸውን ሲያስቀምጡ ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ምን እላለሁ? ያንን “የት ነው እሱ?” የምንለው እኮ እኛው ነን።

በማግሥቱ ወደ ጋምቤላ ወረድኩ። ከጎሬ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተነስቶ ወደ 500 ሜትር መውረድ ቀልድ አይደለም። ጎሬ ላይ ጃኬት፣ ቡሬ ላይ ሹራብ፣ ቆላው ሲጀምር ካናቴራ፤ ጋምቤላ ስትደርሱ ደግሞ “ምን ላውልቅ?” ትላላችሁ። (ይህ ቡሬ የኢሉባቦሩ ነው፤ ከጎጃሙ እንዳታምታቱት!) ጋምቤላ ያኔ በኢሉባቦር ሥር ነበረች፤ ዛሬ የራሷ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት።

ባሮ ሰፊ፣ ጭቃ መልክ፣ የማይቸኩል ወንዝ ነው። መርከብ ግን የለም። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ብልህ ሐረግ ሠራ፤ ጣቢያው በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ላይ የመኪና መንገድ እየተዘረጋ ሲመጣ ቡናው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። በር የነበረው ጥግ ሆነ፤ ጎሬም ከመርከቡ አፋፍ ተነስታ የአውቶቡሱ መጨረሻ ሆና ቀረች። ቦታዋን ግን አንድ ስንዝር አልለቀቀችም! የዞረው መንገዱ ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር፦

አንደኛ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ደህንነት አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። “ሰላም ነው” የሚል ወሬ አይበቃም፤ የዚያን ሳምንት ወሬ ያዙ።

ሁለተኛ፣ ወቅቱን ምረጡ። ሞልቶ የሚጋልብ ባሮን ማየት የሚሻ በክረምት ይሂድ፤ ጭቃውን ግን ይቻለው። በእግር መንገድ የማይመረር ካልሆናችሁ ከኅዳር በኋላ ይሻላችኋል፤ የቡና ለቀማውንም ታያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ለሶር የአካባቢውን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ የሚገባውንም ክፈሉት። ሸበጥ አድርጋችሁ እንዳትሞክሩት!

አራተኛ፣ ጋምቤላ ቆላ ነው፤ ስለ ወባ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ያዙ። ዓሣውን ሳትበሉ ግን እንዳትመለሱ።

አምስተኛ፣ ቡና ጠጡ ስትባሉ “አመሰግናለሁ፣ እቸኩላለሁ” አትበሉ። እዚያ አገር ቡና ወራት ጠብቆ መርከብ የሚሳፈር ነበር፤ እናንተ ሦስት ስኒ መጠበቅ አያቅታችሁም።

ስድስተኛው ወጪም የለው፣ መንገድም የለው፤ አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ የምታደርጉት ነው። አንዲት ልጅ “ከጎሬ ነኝ” ካለቻችሁ “የት ነው እሱ?” አትበሏት። “የመርከቡ አገር?” በሏት፤ ከዚያ ፊቷን እዩት።